ሰውን በምን እንጥራ?

ምስጋና ሁሉ ለአላህ የተገባ ነው። ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይስፈን።



ዛሬ በየቤታችን አንድ ሚንበር ተተክሏል። በኪስ የሚያዝ፣ ሌሊትም ቀንም የማይዘጋ ሚንበር ነው። ትናንት በደብተር ጽፎ ለጓደኞቹ ያነብ የነበረው ልጃችን ዛሬ ጽሑፉን በፌስቡክ ይለጥፋል፤ ትምህርቱን በቴሌግራም ያስተላልፋል፤ ድምፁን በዩቲዩብ፣ ምስሉን በቲክቶክ ይለቃል። ከዚያም ቁጥር ይጠብቃል። ስንት ሰው አየው? ስንት ሰው ወደደው? ስንት ሰው ለሌላ አስተላለፈው?

ይህ ምኞት በራሱ ነውር የለበትም። የጻፈ አንባቢ ይፈልጋል፤ የተጣራም ሰሚ ይሻል። ቢላልም (ረ.ዐ.) አዛኑን ለማሰማት ከፍ ካለ ቤት ጣሪያ ላይ ይወጣ ነበር። ስለዚህ ሰው መጥራት ይገባል አይገባም ብለን አንከራከርም። የምንከራከረው ሰውን በምን እንጥራ በሚለው ላይ ነው። የዚህ ጽሑፍ አቋም ግልጽ ነው፤ በውሸት ርዕስ፣ በሐሜትና በቁጣ ተጠርቶ የመጣ ሕዝብ ለጠሪውም ለተጠሪውም ጥፋት ነው። በዲን ስም ሲሆን ደግሞ ጥፋቱ እጥፍ ድርብ ይሆናል።

እስቲ ስልካችሁን ክፈቱና ተመልከቱ። «ሰበር ዜና» ይላል፤ ገብታችሁ ስታነቡት ያለፈው ዓመት ወሬ ነው። «ጉድ ፈላ፣ እገሌ ሸይኽ ተጋለጡ» ይላል፤ ውስጡ ከአንድ ሰዓት ትምህርት ላይ ተቆርጦ የወጣ ግማሽ ዐረፍተ ነገር ነው። በሌላ አገር ጦርነት የተነሳ ፎቶግራፍ የእኛ አገር መስጊድ ነው ተብሎ ይለጠፋል። «አላህን የምትወድ ከሆነ ሼር አድርግ» ተብሎ የአላህ ውዴታ በጣት ንክኪ ይለካል። «ይህን ለ10 ሰው ካላስተላለፍክ መከራ ይደርስብሃል» የሚል ማስፈራሪያም አለ። የሁሉም መጨረሻ አንድ ነው፤ «ሙሉውን ለማግኘት ቻናላችንን ተቀላቀሉ!» ወገኖቼ፣ ይህ ዳዕዋ ነው ወይስ ገበያተኛን በእጁ ይዞ እየጎተቱ ማስገባት?

ይህ ነገር ለምን በዛ? አንዱ ምክንያት የገዛ ነፍሳችን ናት። ሌላው የመሣሪያው አሠራር ነው። ከእነዚህ ድርጅቶች የአብዛኞቹ ዋና ገቢ ማስታወቂያ ነው፤ ሰው ስልኩ ላይ በቆየ ቁጥር ገቢያቸው ይጨምራል። ስለዚህ ሰውን የሚያነቃንቀውን ጽሑፍ ወደፊት ይገፉታል፤ ዝም የሚያሰኘውን ወደኋላ ይተዉታል። እ.ኤ.አ. በ2021 ይፋ የወጡ የፌስቡክ የውስጥ ሰነዶች እንዳሳዩት፣ ከ2017 ጀምሮ ለአንድ ተራ ላይክ 1 ነጥብ ሲሰጥ፣ የቁጣን ፊት ጨምሮ ለሌሎቹ የስሜት ምልክቶች 5 ነጥብ ይሰጥ ነበር። የድርጅቱ የገዛ ባለሙያዎች ቁጣ የሚበዛበት ጽሑፍ ሐሰትም እንደሚበዛበት ደረሱበት። የቁጣው ምልክት ነጥብ ወደ ዜሮ የወረደው ግን በ2020 ነው። የቀድሞ ሠራተኛዋ ፍራንሲስ ሃውገን በጥቅምት 2021 በአሜሪካ ሴኔት ቀርባ ስትመሰክር፣ ይህ ዓይነቱ አሠራር የብሔር ግጭት ያባብስባቸዋል ካለቻቸው አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ነበረች።

ወንድሜ! «ጽሑፌ ብዙ ሰው ዘንድ ደረሰ፣ አላህ ባረከልኝ» ስትል፣ ጽሑፍህን የገፋው በረካ ይሁን የቁጣ ሒሳብ በምን አወቅህ?

ይህ ሒሳብ በአገራችን የሰው ነፍስ አስከፍሏል። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ ፕሮፌሰር የነበሩት መዓረግ አማረ፣ በብሔር የትግራይ ተወላጅ፣ ፎቶግራፋቸውና መኖሪያቸው ከሐሰት ውንጀላ ጋር በፌስቡክ ከተለጠፈ በኋላ ጥቅምት 24 ቀን 2014 ዓ.ም. በቤታቸው ደጃፍ ተገደሉ። ልጃቸው ጽሑፎቹ እንዲነሱ ለድርጅቱ አስቀድሞ ማመልከቱን ይናገራል፤ በታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. ደግሞ ናይሮቢ በሚገኝ ፍርድ ቤት ክስ አቅርቧል። እነዚያን ጽሑፎች ያስተላለፈ ሁሉ ቢላ አልያዘም፤ ጥይት አልተኮሰም። ጣቱን ብቻ ነው ያነሳው። ነገር ግን በሱረቱ ቃፍ 18ኛው አንቀጽ ከሰው አንደበት የሚወጣ ቃል ሁሉ የሚመዘግበው ጠባቂ እንዳለው ተነግሮናል። የጣትስ ቃል ከዚህ ያመልጣልን?

ከሌላው በፊት የራሳችንን ቁስል እንንካ። ሚያዝያ 18 ቀን 2014 ዓ.ም. በጎንደር በአንድ ሸይኽ የቀብር ሥነ ሥርዓት ላይ የነበሩ ሙስሊሞች ጥቃት ተፈጸመባቸው፤ ብዙዎች ተገደሉ፣ መስጊዶችና ሱቆች ተዘረፉ፣ ተቃጠሉ። በደሉ እውነት ነው፤ ሐዘናችንም እውነት ነው። በቀናት ውስጥ ግን ከጎንደር በብዙ መቶ ኪሎ ሜትር በምትርቀው በስልጤዋ ወራቤ አብያተ ክርስቲያናት ተቃጠሉ። ለመሆኑ የወራቤ ክርስቲያን በጎንደር ቀብር ላይ ድንጋይ ወርውሮ ነበር? አንዱ በሠራው ወንጀል ሌላው እንደማይጠየቅ ቁርኣን ከአንድ በላይ በሆነ ቦታ አስተምሮናል። ቁጣ ግን አይቆጥርም፤ አድራሻም አይጠይቅም። ከበደል ዜና ቀጥሎ «ተነሱ» የሚል ርዕስ የሚለጥፍ ሰው እሳቱ የት እንደሚያርፍ አያውቅም።

አሁን ወደ አርባምንጭ ኑ። የአርባምንጭና የጋሞ ዞን ሙስሊም ቤተሰብ በቁጥር ጥቂት ነው። በሲቀላም ሆነ በሸቻ፣ በገበያውም ሆነ በሙዝ እርሻው፣ ጎረቤቱ በአብዛኛው የሌላ እምነት ተከታይ ነው። አዲስ አበባ ወይም ባሕር ማዶ ተቀምጦ ተከታይ ለማብዛት የሚጮህ ሰው የጩኸቱን ዋጋ አይከፍልም። የሚከፍለው በማግስቱ ሱቁን ከፍቶ ከጎረቤቱ ጋር ዐይን ለዐይን የሚተያየው አባወራ ነው፤ የምትከፍለው ልጇን ትምህርት ቤት የምትልክ እናት ናት።

ይህች ከተማ ደግሞ የተለየ ትምህርት አላት። በመስከረም 2011 ዓ.ም. በቡራዩና አካባቢው ሰዎች ተገደሉ፣ ሺዎችም ተፈናቀሉ፤ ከተጠቂዎቹ መካከል የጋሞና የዶርዜ ተወላጆች ነበሩ። ወሬው አርባምንጭ ሲደርስ የተቆጡ ወጣቶች ለበቀል ወጡ። ያን ጊዜ የጋሞ አባቶች እርጥብ ሣር በእጃቸው ይዘው ከፊታቸው ተንበረከኩ። ልጆቻቸውን በሽምግልና ለመኑ፤ ወጣቶቹም ተመለሱ። በዚያች ሰዓት ቁጣን በአንድ ቃል ማቀጣጠል ምን ያህል ቀላል እንደነበረ አስቡ! ብዙ ሺህ ተከታይ የሚያስገኝ ቃል ነበር። አባቶች ግን ተንበርክከው ሕዝብ አዳኑ። ምስላቸውም በዚያው በፌስቡክ አገሩን አዳረሰ፤ ማንም «ሼር አድርጉ» ብሎ ስለለመነ አልነበረም።

የጋሞ ሕዝብ ዱቡሻ የሚባል የመሰብሰቢያ ቦታ አለው። እዚያ የሚናገር ሰው ቆሞ ይናገራል፤ ፊቱ ይታያል፣ ስሙ ይታወቃል፣ የወነጀለው ሰው በፊቱ ተቀምጦ ይሰማዋል፣ ሽማግሌም ያርመዋል። የስልኩ አደባባይ ግን ስም የሌለው ሰው ፊት የሌለውን ሰው የሚሰድብበት ሆኗል። «ይህ የሌሎች ባህል ነው፣ እኛን ምን አገባን?» የሚል ካለ፣ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ከነቢይነታቸው በፊት በዐብዱላህ ኢብን ጁድዓን ቤት በተደረገውና ለተበደለ ለመቆም በተገባው ቃል ኪዳን መገኘታቸውን፣ በኢስላም ዘመንም ወደ እንደዚያ ያለ ቢጠሩ እሺ እንደሚሉ መናገራቸውን ያስታውስ። መልካም ነገር ከየትም ይምጣ፣ ሙስሊም ይቀበለዋል።

ተከራካሪዎች ግን ዝም አይሉም። «እኛ እኮ ለዲን ብለን ነው፤ ርዕሱን ትንሽ ብናጋንነው ሰው ገብቶ ጥሩ ነገር ያነባል» ይላሉ። መልሳችን አጭር ነው። ወደ እውነት የሚወስድ በር በውሸት አይሠራም፤ በርዕሱ የዋሸኸው ሰው በጽሑፉ ለምን ያምንሃል? የሰማውን ሁሉ የሚያወራ ሰው ለውሸታምነት ያ ብቻ እንደሚበቃው በሶሒሕ ሙስሊም በተዘገበ ሐዲስ ተነግሯል። የሰማውን ያወራ ይህን ከተባለ፣ አጋንኖ የጻፈው ምን ሊባል ነው?

«እኛ ካልጮህን ሌላው ይጮሃል፤ ቁጥር ኃይል ነው» ይላሉ። ኑሕ (ዐ.ሰ.) 950 ዓመት በሕዝባቸው መካከል ኖረው አብረዋቸው ያመኑት ጥቂቶች ነበሩ። በቂያማ ቀን አንድ ወይም ሁለት ተከታይ ብቻ ይዘው የሚመጡ፣ ማንንም ሳያስከትሉ የሚመጡም ነቢያት እንዳሉ በቡኻሪና በሙስሊም ተዘግቧል። ታዲያ እነዚያ ነቢያት ከስረዋልን? በአንጻሩ መጀመሪያ ከሚፈረድባቸው መካከል «ዐሊም ነው» እንዲባል የተማረና ያስተማረ ሰው እንዳለ፣ የፈለገውም በዱንያ እንደተባለለት ሐዲሱ ያስጠነቅቀናል። ሌሊት ተነስቶ ከተሀጁድ በፊት የተመልካች ቁጥር የሚያይ ወንድም ይህን ሐዲስ ደጋግሞ ያንብብ።

«ታዲያ ስልኩን እንጣለው?» አትጣሉት። በጥር 2004 ዓ.ም. በአወሊያ የተጀመረው የሙስሊሙ የመብት ጥያቄ «ድምፃችን ይሰማ» በሚለው የፌስቡክ ገጽ ብዙ ሺህ ሰው ጠርቷል። ሕዝቡ መቼ እንደሚወጣ፣ ምን እንደሚያደርግ፣ ከምን እንደሚታቀብ አስቀድሞ በጽሑፍ ይነገረው ነበር። ኮሚቴዎቹ ታስረው በሐምሌ 2007 ዓ.ም. እስከ 22 ዓመት እስራት ሲፈረድባቸውም ጥሪው የሰላም ጥሪ ነበር። እውነተኛ ጉዳይ፣ ግልጽ ቃልና ትዕግሥት ሰው ይሰበስባሉ ማለት ነው።

የአገሪቱ ሕግም ቢሆን የተከታይ ብዛት የኃላፊነት ብዛት መሆኑን ይናገራል። የጥላቻ ንግግርንና የሐሰተኛ መረጃን ስርጭት ለመቆጣጠር የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185/2012፣ ወንጀሉ ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው የማኅበራዊ ሚዲያ ገጽ ከተፈጸመ ቅጣቱን እስከ 3 ዓመት ቀላል እስራት ወይም እስከ 100,000 ብር መቀጮ ያደርሰዋል። የዱንያ ሕግ 5,000 ሲደርስ ይከብዳል፤ የአኼራው ሒሳብ ግን ከመጀመሪያው አንባቢ ይጀምራል።

ስለዚህ ወላጆች ሆይ፣ ልጃችሁ ገጽ ወይም ቻናል ከከፈተ አትቆጡት፤ አብራችሁት ተቀመጡ። አራት ነገር ጠይቁት። አንደኛ፣ ይህን ወሬ አጣርተሃል ወይ? በሱረቱል ሑጁራት 6ኛው አንቀጽ ሳናጣራ ሰው ጎድተን እንዳንጸጸት ታዘናል። ሁለተኛ፣ ርዕሱና ውስጡ አንድ ናቸው ወይ? ሦስተኛ፣ ስሙን ያነሳኸው ሰው እዚህ ቤት ተቀምጦ ቢሰማህ ይህንኑ ትላለህ ወይ? አራተኛ፣ ከመለጠፍህ በፊት ዕውቀት ያለው ሰው አይቶታል ወይ?

ከዚያም ሰው የሚጠራበትን ጥሩ ነገር አሳዩት። አርባምንጭ ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ ስለምትገኝ የዙሁር ወቅቷ 5 ደቂቃ ያህል ይዘገያል፤ የአዲስ አበባን የሰላት ሰሌዳ እንዳለ ከመገልበጥ ለአርባምንጭ ተሰልቶ የወጣ ሰሌዳ በየረመዷኑ የሚያወጣ ልጅ ሳይጮህ አንባቢ ያገኛል። የሙዝ ነጋዴ ዘካውን እንዴት እንደሚያሰላ በቀላል አማርኛ የሚጽፍ፣ የኢስላምን መሠረታዊ ትምህርት በጋሞኛ የሚያቀርብ፣ የታመመ ጎረቤት ሲኖር እምነቱን ሳይጠይቅ እርዳታ የሚያስተባብር ሰው ገጹን ሰው ፈልጎ ይመጣበታል። ይህ ሰው ምናልባት 200 ተከታይ ይኖረው ይሆናል። ነገር ግን 200ዎቹ የተጠቀሙ ናቸው፤ ከእነርሱም አንድ ስንኳ በቂያማ ቀን በእርሱ ላይ አይከራከርም።

ውድ አንባቢያን! ዛሬ ማታ ስልካችሁ ላይ የሚያስቆጣ ነገር ሲመጣ፣ ጣታችሁን ከማንሳታችሁ በፊት እርጥብ ሣር ይዘው የተንበረከኩትን አባቶች አስታውሱ። እነርሱ እሳቱን ያቆሙት ከፊቱ ቆመው ነው፤ እኛ ደግሞ ጣታችንን በመሰብሰብ ብቻ ልናቆመው እንችላለን።

አላህ ሆይ! ቃላችንን እውነት፣ ኒያችንን ጥሩ አድርግልን። ከይዩልኝና ከወሬኛ ምላስ ጠብቀን። የጎረቤቶቻችን የደኅንነት ምክንያት አድርገን። አሚን።