ውሻ ባለበት ቤት የወለል ንጽሕና

ቤትን የሚጠብቅ ውሻ ነው፤ ውሻውንና ልጁን አንድነት የሚጠብቅ ግን የቤቱ ባለቤት ነው። በጋይንት፥ በስማዳና በእስቴ አገር፥ ከጉና ተራራ ግርጌ እስከ ቆላው ድረስ፥ ውሻ የሌለው ባላገር ጥቂት ነው፤ ሌሊት ጅብ ወደ በጎቹ ጉረኖ እንዳይቀርብ፥ ሌባም ከደጃፍ እንዳይደርስ የሚከለክል እርሱ ነውና። በውርጭ ጊዜ ግን ይኸው ዘበኛ ከደጅ ተነሥቶ ወደ ምድጃው ይጠጋል። እርሱ በተኛበት ወለል ላይ ሕፃናት ይድኻሉ፤ የወደቀውንም ቆሎ እያነሡ ይበላሉ። ስለዚህ ስለ ወለል ንጽሕና ስንናገር ሁለት ነገር ማሰብ ይገባናል፤ ይኸውም ውሻው በወለሉ ላይ የሚጥለው ነገር ልጁን እንዳይጎዳው፥ ያንንም ለማጥፋት የምናፈሰው መድኃኒት ልጁንና ውሻውን እንዳይጎዳቸው ነው።

አስቀድሞ ጠላትን ማወቅ ይበጃል። በውሻ አንጀት ከሚኖሩት ትሎች ሁለቱ ለቤተ ሰብ የሚያሠጉ ናቸው። አንደኛው ወስፋትን የሚመስለው ክብ ትል ነው፤ ይልቁንም በቡችሎች ላይ ይበዛል። ዕንቍላሉ በልጅ አፍ የገባ እንደ ሆነ ከዕንቍላሉ የሚወጣው ትል በጉበትና በሳንባ ውስጥ ይዘዋወራል፤ ወደ ዐይን የደረሰም እንደ ሆነ ማየትን ሊያጠፋ ይችላል። ሁለተኛው ከኮሶ ትል ወገን የሆነ፥ ርዝመቱ 1 ሳንቲሜትር እንኳ የማይሞላ ትንሽ ትል ነው። የዚህም ዕንቍላል ወደ ሰው ሆድ ሲገባ በጉበት ወይም በሳንባ ላይ ውኃ የቋጠረ እባጭ ይሆናል፤ እባጩም ሳይታወቅ ብዙ ዓመት ያድጋል፥ ከታወቀም በኋላ ብዙውን ጊዜ ቀዶ ሕክምና ያስፈልገዋል። እነዚህ ዕንቍላሎች በዐይን አይታዩም። ፀሓይና ድርቀት ያጠፋቸዋል፤ ብርድና እርጥበት ግን ለብዙ ወራት ያቆያቸዋል። የደጋ ሰው ከቆላው ሰው ይልቅ የሚጠነቀቅበት ምክንያት ይህ ነው።

እንግዲህ ወለሉ የሚጠበቅበት ሥርዓት እንዲህ ነው።

1ኛ፤ የውሻው ኵስ በታየበት ሰዓት ይነሣ፤ ለነገ አይተው። የክቡ ትል ዕንቍላል በሽታ ለማምጣት የሚበቃው ከወጣ ሁለት ሳምንት ያህል ቆይቶ ነውና፥ በዕለቱ ያነሣ ሰው አደጋውን ሳይወለድ አጠፋው ማለት ነው። የሁለተኛው ትል ዕንቍላል ግን ከወጣበት ጊዜ ዠምሮ ጎጂ ስለ ሆነ በእጅ አይነካ፤ ዐመድ ነስንሶ በአካፋ አንሥቶ ከምንጭና ከጓሮ አትክልት በራቀ ጥልቅ ጕድጓድ ወይም በመፀዳጃ ቤት መጣል ይገባል። ከዚያም እጅን በሳሙና መታጠብ ነው።

2ኛ፤ ወለሉ የዐፈር እንደ ሆነ፥ ኵሱ የነበረበትን ስፍራ የጣት ውፍረት ያህል ፍቆ ዐፈሩን ወደ ጕድጓዱ መጣል፥ በስፍራው ላይ የፈላ ውኃ ማፍሰስ፥ ከደረቀም በኋላ በአዲስ ጭቃ መምረግ ይገባል። በየቀኑ ሲጠረግ አቧራው እንዳይነሣ አስቀድሞ ውኃ ይረጭ፤ ልጆችም ጠረጋው እስኪያልቅ ደጅ ይቆዩ። እናቶቻችን ወለልን በእበት የመለቅለቅ ልማዳቸው ከንቱ አይደለም፤ ቁንጫ የሚፈለፈልበትን ስንጥቅ ይደፍናልና። ነገር ግን እበቱ በሬና ላም ከሚታሰሩበት ንጹሕ ስፍራ ይወሰድ እንጂ ውሻ ከሚጸዳዳበት ደጅ አይለቀም። ልቅለቃው እስኪደርቅ ድረስም ውሻው አይግባ።

3ኛ፤ ወለሉ የሲሚንቶ ወይም የሸክላ ንጣፍ እንደ ሆነ፥ በነፋስ መውጫ፥ በመካነ ኢየሱስና በደብረ ታቦር ከተሞች እንደሚታየው ሁሉ፥ መዠመሪያ እድፉን ማንሣት፥ ቀጥሎ በሙቅ ውኃና በሳሙና ማጠብ፥ በመጨረሻም አለቅልቆ ማድረቅ ነው። ለዕለት ንጽሕና ከዚህ የበለጠ አያስፈልግም።

ብዙ ሰዎች ግን ሽታው ጠንካራ የሆነ መድኃኒት ሁሉ ወለሉን ያነጻዋል ብለው ያምናሉ፤ ከሁሉም በላይ የሚታመኑት በበረኪና ነው። በረኪና ስሙ ከጣልያንኛ የመጣ፥ ኃይሉም ከክሎሪን የሆነ ፈሳሽ ነው። ብዙ ተዋሲዎችን ይገድላል፤ የትሎቹን ዕንቍላል ግን ቅርፊታቸው ጠንካራ ስለ ሆነ አይችላቸውም። በረኪና የማይገድለውን የፈላ ውኃ ይገድለዋል። ደግሞም በረኪና እድፍና ዐፈር ሲያገኘው ኃይሉ ይሞታልና፥ በዐፈር ወለል ላይ በረኪና ማፍሰስ ገንዘብን ማፍሰስ ነው። በታጠበ ሲሚንቶ ላይ መጠቀም ቢያስፈልግ፥ በጠርሙሱ ላይ የተጻፈው መጠን ይጠበቅ፤ ኃይሉ ከመቶ 5 ለሆነው በረኪና አንድ የቡና ስኒ በ4 ሊትር ቀዝቃዛ ውኃ መበጥበጥ ይበቃል። መስኮትና በር ተከፍቶ፥ ልጅና ውሻ ወጥተው ይሠራ፤ ከዚያም ወለሉ በንጹሕ ውኃ ይለቅለቅ፤ ሳይደርቅም ማንም አይግባበት። ውሻ እግሩን የሚያጸዳው በምላሱ ነውና፥ በእርጥብ መድኃኒት ላይ የረገጠ ውሻ መድኃኒቱን እንደ ጠጣ ይቈጠራል።

ከሁሉ ይልቅ ሊታወቅ የሚገባው ይህ ነው። በረኪና የውሻ ሽንት ባለበት ወለል ላይ ከቶ አይፍሰስ፤ ሽንቱ አስቀድሞ በውኃ ይታጠብ። በሽንት ውስጥ ያለው አሞኒያ ከበረኪና ጋራ ሲገናኝ ዐይንንና ሳንባን የሚያቃጥል ጋዝ ያወጣል። እንደዚሁም በረኪናን ከኮምጣጤ፥ ከሎሚ ወይም ከመፀዳጃ ቤት ማጠቢያ አሲድ ጋራ መቀላቀል የክሎሪንን ጋዝ ያስነሣል፤ ይህም ጋዝ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1915 ዓ.ም. በቤልጅግ አገር በኢፕር ጦርነት ላይ ወታደሮችን የፈጀ ነው። ለጦር ሜዳ መርዝ የሆነው ነገር በጠባብ ክፍል ውስጥ ሕፃን ይዞ ለሚኖር ሰው ምን ሊሆን እንደሚችል አንባቢ ራሱ ይፍረድ። ውኃ ሲነካው እንደ ወተት የሚነጣው፥ ሽታው ሬንጅ ሬንጅ የሚለው መድኃኒትም ለውሻ፥ ይልቁንም ለድመት መርዝ ነው፤ ወለል ላይ ባይፈስ ይሻላል።

ስለ ቁንጫም የሚሠራው ስሕተት ብዙ ነው። አንዳንዱ ነጭ ጋዝ በወለሉ ላይ ይረጫል፤ ይህ እሳት በሚነድበት ቤት ውስጥ ቃጠሎን መጥራት ነው። ሌላው ለእህል ነቀዝ የተሰናዳውን መርዝ በመደቡና በወለሉ ይነሰንሳል፤ በዚያው ላይ ልጁ ይድኻል፥ ውሻውም ይተኛል። የቁንጫ ዕንቍላል ከውሻው ጠጕር ረግፎ በአቧራና በስንጥቅ ውስጥ ያድጋልና፥ መድኃኒቱ ተግቶ መጥረግ፥ ጥራጊውን ማቃጠል፥ ሰሌኑንና አጎዛውን ፀሓይ ላይ ማስጣት ነው። ለውሻውም ከምድጃው ራቅ ብሎ ጭድ የተነጠፈበት የራሱ መኝታ ይሰጠው፤ ጭዱም በየሳምንቱ ይለወጥና ይቃጠል።

ይህን ሁሉ ጠብቀን የውሻውን ምግብ ካልጠበቅን ግን ድካማችን ግማሽ ነው። ውሻ በበላበት ይጮኻል ይባላል፤ የበላውም ተመልሶ ወለላችን ላይ ይመጣል። ያ ትንሹ ትል ወደ ውሻው የሚገባው በበግና በከብት ጉበትና ሳንባ ላይ ያለውን ውኃ የቋጠረ እባጭ ጥሬውን ሲበላ ነው። በዓል በደረሰ ቍጥር በግ በየደጁ ይታረዳል፤ የተበላሸው ጉበትና ሳንባም ለሰው አይሆንም ተብሎ ለውሻ ይወረወራል። በእንዲህ ያለ አኳኋን ከበጉ ወደ ውሻው፥ ከውሻው ወደ ወለሉ፥ ከወለሉም ወደ ልጁ አፍ ይደርሳል። ስለዚህ እባጭ ያለበት ሥጋ ሁሉ ይቃጠል ወይም ውሻ ቆፍሮ ከማያወጣው ጥልቅ ጕድጓድ ይቀበር። ውሻውም በየሦስት ወሩ ወደ ወረዳው የእንስሳት ጤና ሠራተኛ ቀርቦ ፕራዚኳንቴል የተባለውን የትል መድኃኒት ቢወስድ፥ በዚያውም የእብድ ውሻን በሽታ የሚከለክለውን ክትባት ቢከተብ፥ ቤቱ ሁሉ ያርፋል።

ለዚህ ሁሉ የሚጠየቀው አንድ አካፋ፥ ጥቂት ዐመድ፥ ሳሙናና የፈላ ውኃ ነው። የሚመጣው የፋሲካ በግ ከመታረዱ በፊት፥ ቢላዋው ሳይሳል፥ ጕድጓዱ ይቆፈር።