እዚህ ሁሉም የሚያውቀው፣ እኛ ያልሰማነው

በዛሬው ዓምዳችን የምናነሳው ጉዳይ ሲያዩት ትንሽ ይመስላል። በየማኮሌቱ ይሸጣል፤ ዋጋውም ጥቂት ሸቅል ነው። ነገር ግን በስንት ቤት ልጅ አልቅሶበታል፤ ወላጅም አፍሮበታል። አስቀድሜ በራሴ ቤት የደረሰውን ላጫውታችሁ።

እኔና ቤተሰቤ የገባነው በ1991 በሰሎሞን ዘመቻ ነው። በዚያው ዓመት መስከረም ላይ የአራት ዓመቱ ልጃችን ጋን ገባ። ጋን ስል ጠላ የሚጠመቅበትን ማለቴ አይደለም፤ በዕብራይስጥ የሕፃናት መዋያ ማለት ነው። እኛም ቃሉን መጀመሪያ ስንሰማ ስቀን ነበር። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ልጁ በትንሽ ከረጢት ቢጫ ነገር ይዞ መጣ። ቆልመም ያለ ነው፤ ሲያነሱት ክብደት የለውም፤ ሲጫኑት ይንኮታኮታል። እኔ ደግሞ በዚያው ሰሞን ቴሌቪዥን በካርቶን ሲመጣ እንዳይሰበር ዙሪያውን የሚጨመረውን ነጭ ነገር አይቼ ነበር። “ልጄን የዕቃ ማሸጊያ ማን አበላው?” ብዬ ከእጁ ነጠቅሁና ቆሻሻ ውስጥ ጣልሁት። ልጁ “አባ፣ ባምባ! ባምባ!” እያለ እንቅልፍ እስኪወስደው ድረስ አለቀሰ። እናቱ “ባምባ ምንድን ነው?” አለችኝ። ምን ልበላት? አላውቅም።

በማግስቱ በ1984 በሱዳን በኩል የመጣች ጎረቤታችን በር ላይ አገኘችኝ።

“ወንድምዓለም፣ ልጁ ምን ሆኖ ነው ማታ እንዲያ ሲያለቅስ ያመሸው?”

“ኧረ ተይኝ እትዬ፣ የማይበላ ነገር አብልተውት ነው” ብዬ ነገሩን ነገርኋት። ሆዷን ይዛ ሳቀች።

“ምግብ እኮ ነው! እዚህ አገር ልጅ ጥርስ ሳያበቅል የሚቀምሰው እሱን ነው። እኔም ሦስት ልጆች አሳድጌበታለሁ።”

እሷ ብትስቅም እኔ ግን አልሳቅሁም። በአገር ቤት ሳለሁ ልጅ ጠይቆኝ የማልመልሰው ነገር አልነበረም። የእህሉን ዓይነት፣ የከብቱን በሽታ፣ የዝናቡን ወራት አውቃለሁ። እዚህ ግን የአራት ዓመት ልጅ የሚያውቀውን አባቱ አላወቀም። ለአገሩ እንግዳ፣ ለሰው ባዳ የሚባለው ይህ ነው። ያን ቀን ማታ ሁለት ከረጢት ገዝቼ ገባሁና ልጄን “በል እስቲ አንተ አስተምረኝ፤ እንዴት ነው የሚበላው?” አልሁት። አንድ ለእኔ አንድ ለእሱ እያለ አካፈለኝ። ጣዕሙ ሌላ ሳይሆን የምናውቀው የተቆላ ኦቾሎኒ ነበር።

ለመሆኑ ባምባ ምንድን ነው? ከበቆሎ ቂንጬ ተነፍቶ የሚሠራ፣ ከዚያም በተፈጨ ኦቾሎኒ የሚለወስ መክሰስ ነው። ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ኦቾሎኒ ነው። ወተት ስለሌለበት ከሥጋም ከወተትም ጋር ይበላል። ኦሰም የተባለው ፋብሪካ ባምባን መሥራት የጀመረው በ1964 ነው። ያን ጊዜ የአይብ ጣዕም ነበረው፤ ሕዝቡም ብዙ አልወደደውም። በ1966 በኦቾሎኒ ተለወሰና ከዚያ ወዲህ የአገሩ ሁሉ ምግብ ሆነ። በልደት በዓል፣ በጋን፣ በወታደር ሻንጣ፣ በአያቶች ቤት አይጠፋም። ከእስራኤል ውጭ ግን ለብዙ ዓመታት ስሙን የሚያውቅ ጥቂት ሰው ነበር።

አሁን የሚገርመውን ልንገራችሁ። በእንግሊዝ አገር ከጊዜ ወደ ጊዜ ብዙ ልጆች ኦቾሎኒ ሲቀምሱ ሰውነታቸው ይቆጣ ጀመር። ይህ አለርጂ የሚባለው ነው። አንዳንዱ ልጅ ፊቱ ያብጣል፤ አንዳንዱ መተንፈስ ያቅተዋል፤ የሚሞትም አለ። ስለዚህ በእንግሊዝም በአሜሪካም ሐኪሞች “ለአለርጂ የተጋለጠ ልጅ እስከ ሦስት ዓመቱ ኦቾሎኒ አይቅመስ” ብለው ይመክሩ ነበር። ምክሩ ተሰጥቶም ሕመሙ አልቀነሰም።

ጌዲዮን ላክ የተባሉ በለንደን የሚሠሩ የአለርጂ ሐኪም እስራኤል ውስጥ ይህ ሕመም ጥቂት መሆኑን ተረዱ። እሳቸውና ባልደረቦቻቸው በእንግሊዝ የሚኖሩ አይሁዳውያን ልጆችን በእስራኤል ከሚኖሩት ጋር አወዳደሩ። በ2008 የወጣው ውጤት እንዲህ ይላል፦ በእንግሊዝ ከ100 ልጆች ወደ 2 የሚጠጉት (1.85) የኦቾሎኒ አለርጂ ነበረባቸው፤ በእስራኤል ግን 0.17 ብቻ። ልዩነቱ ወደ 10 እጥፍ ነው። የዘር ሐረጋቸው ተቀራራቢ ሆኖ ሳለ ምን ለያቸው? የእስራኤል ሕፃናት ዓመት ሳይሞላቸው ኦቾሎኒ ይቀምሳሉ፤ የእንግሊዞቹ ደግሞ አይቀምሱም።

ሐኪሞቹ በዚህ አላበቁም። ብርቱ የቆዳ ችፌ ወይም የእንቁላል አለርጂ ያለባቸውን 640 ሕፃናት፣ ከ4 እስከ 11 ወር ዕድሜ ያላቸውን፣ ለሁለት ከፈሉ። ግማሾቹ ኦቾሎኒ ያለበት ምግብ አዘውትረው እንዲበሉ፣ ግማሾቹ ደግሞ ጨርሶ እንዳይነኩ ተደረገ። ከተሰጣቸውም ምግብ አንዱ ይኸው የእኛ ባምባ ነበር። አምስት ዓመት ሲሞላቸው ከማይበሉት መካከል ከ100 ወደ 17 የሚሆኑት አለርጂ ሲይዛቸው ከሚበሉት የያዛቸው ወደ 3 ብቻ ሆኑ። ይህ በ2015 ታትሞ ወጣ። በ2017 ደግሞ በአሜሪካ የሐኪሞች መመሪያ ተለወጠ፤ “አታቅምሱ” የተባለው “በጊዜ አቅምሱ” ተባለ። እኔ ቆሻሻ ውስጥ የጣልሁት ነገር የስንቱን ልጅ ሕይወት የሚያድን ትምህርት ሆነ። ያንን ትምህርት ያመጣው የአንድ አገር እናቶች ልማድ ነው። የትም አገር የተጻፈ መመሪያ ተከትለው አልነበረም የሚመግቡት።

ይህን ስታነቡ ዛሬውኑ ለሕፃን ልጅ ከረጢት እንዳትከፍቱ። ቅደም ተከተል አለው፦

አንደኛ፣ ልጁ ብርቱ ችፌ ካለበት ወይም እንቁላል ቀምሶ ሰውነቱ ከተቆጣ፣ ኦቾሎኒ ከመቅመሱ በፊት ሐኪም ይጠየቅ።

ሁለተኛ፣ ሌላው ሕፃን ወተት ያልሆነ ምግብ መብላት ሲጀምር፣ ማለት ከ4 እስከ 6 ወር ባለው ጊዜ፣ መቅመስ ይችላል። መቼና እንዴት እንደሚጀመር የጢፓት ሐላቭ ነርስ ታስረዳችኋለች። ለትንሽ ሕፃን ባምባ በሞቀ ውኃ ወይም በእናት ጡት ወተት ርሶና ላልቶ በጥቂቱ ይሰጣል። ልጁ ጤነኛ በሆነበት ቀን፣ በቤት፣ እናንተ እያያችሁት ይሁን።

ሦስተኛ፣ ከቀመሰ በኋላ ቆዳው ሽፍ ቢል፣ ከንፈሩ ቢያብጥ፣ ቢያስመልሰው አቁሙና ሐኪም ጥሩ። መተንፈስ ካቃተው ሳትዘገዩ በ101 ወደ ማጌን ዳቪድ አዶም ደውሉ።

አራተኛ፣ ይህኛው በተለይ ለእኛ ቤት ነው። ሙሉ ፍሬ ኦቾሎኒ፣ ፈንድሻ፣ ሱፍና ደረቅ ቆሎ አምስት ዓመት ላልሞላው ልጅ አይሰጥም። ወደ ሳንባ ቧንቧ ገብቶ ያንቃል። ቡና ሲፈላ ቆሎው በሳህን መሬት ላይ፣ ሕፃኑም አጠገቡ የሚቀመጥበት ልማዳችን እዚህ ላይ ጥንቃቄ ይፈልጋል።

አምስተኛ፣ ባምባ ጨው አለበት፤ ምሳንም አይተካም። ልጁ ከረጢቱን ጨርሶ ሽሮውን እንቢ ካለ፣ የቀመሰው ሳይሆን የጠገበው ባምባ ነው።

ልጆቻችሁ ይዘዋቸው የሚመጡ ሌሎች ስሞችም አሉ። ክረምቦ የሚባለው ከታቹ ብስኩት፣ ከላዩ እንደ አረፋ የተመታ እንቁላል ነጭ፣ ዙሪያውን ቸኮላታ የለበሰ ጣፋጭ ነው። የሚሸጠው በብርድ ወራት ነው፤ በበጋ ቸኮላታው ይቀልጣልና። ስለዚህ በሐምሌ ክረምቦ የሚለምን ልጅ ብታጡለት አይከፋችሁ። በ2002 የተመሠረተ፣ አካል ጉዳተኛ የሆኑና ያልሆኑ ልጆች አብረው የሚውሉበት የወጣቶች ማኅበርም “የክረምቦ ክንፎች” የሚል ስም አለው።

ማትኮት ደግሞ በባሕር ዳር ሁለት ሰዎች በእንጨት ሰሌዳ ትንሽ ኳስ የሚቀባበሉበት ጨዋታ ነው። አሸናፊም ተሸናፊም የለውም፤ ዋናው ኳሷ መሬት እንዳትነካ ነው። ስንት ለስንት እንደሆኑ አትጠይቁ።

ፕቲቲም የእኛን ታሪክ ይመስላል። በ1950ዎቹ መጀመሪያ ከዓረብ አገሮች ብዙ አይሁዳውያን ገቡ። ሩዝ የለመዱ ነበሩ፤ በአገሩ ግን የሩዝ እጥረት ነበር። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ዳቪድ ቤን ጉሪዮን ኦሰም ፋብሪካን በሩዝ ፋንታ የሚሆን ምግብ ከስንዴ እንዲሠራ ጠየቁት። በ1953 ሩዝ የመሰለ ተሠራ፤ ሕዝቡም “የቤን ጉሪዮን ሩዝ” አለው። ዛሬ ልጅ ሁሉ የሚበላው ይህ ምግብ የመጣው ከእኛ በፊት የገቡ አዲስ ገቢዎች የአገራቸውን ምግብ ስላጡ ነው። አዲስ ገቢ የአገሩን ገበታ እንደሚለውጥ ከዚህ ይታያል።

እስካሁን የተናገርሁት እኛ ስለማናውቀው ነገር ነው። ሌላው ወገንም የማያውቀው አለ። ባለፈው ጊዜ አንዲት እናት እንዲህ አለችኝ፦ “ልጄ ‘እማ፣ ዳቦ በቦርሳዬ አታድርጊብኝ፤ ልጆቹ ይስቁብኛል’ ይለኛል። እኔ ምን ላድርግ?” ይህ ከባምባው የሚከብድ ነው። አባት የማያውቀውን ነገር ጠይቆ ሊያውቅ ይችላል፤ በቤቱ ያፈረ ልጅ ግን ዝም ብሎ ይርቃል።

እስቲ ጤፍን ተመልከቱ። በኢትዮጵያ ስንት ሚሊዮን ሰው በየቀኑ የሚበላው እህል ነው፤ ከዚያ ውጭ ግን ለብዙ ዘመን የሚያውቀው ጥቂት ነበር። ግሉተን የሌለው መሆኑ ሲታወቅ፣ ስንዴ ለማይስማማቸው ሕመምተኞች ጥሩ ሆኖ ሲገኝ፣ ዓለም ፈለገው። እንዲያውም በሆላንድ አንድ ኩባንያ የጤፍ ዱቄት አዘገጃጀትን እንደ ራሱ ፈጠራ አስመዝግቦ ነበር። በ2018 በሔግ የሚገኝ ፍርድ ቤት የፈጠራ መብቱ በሆላንድ እንደማይጸና ፈረደ። እናቶቻችን ሲያቦኩት የኖሩትን ሌላው ለራሱ ለማድረግ የሚሟገትበት እህል ሆኗል።

ስግድንም አስቡ። ከዮም ኪፑር በኋላ በ50ኛው ቀን፣ በኅሽቫን 29፣ አባቶቻችን ወደ ተራራ ወጥተው ይጾሙና ይጸልዩ ነበር። ሌላው የአይሁድ ዓለም ይህን በዓል አያውቀውም ነበር። በ2008 ክኔሴት ስግድን የአገር በዓል አድርጎ በሕግ ደነገገ። ዛሬ ቀኑ በእስራኤል የቀን መቁጠሪያ ላይ አለ።

ለዚያች እናት ያልኋት ይህን ነው። “መጀመሪያ የጋኑን መምህርት አነጋግሪ። የቤት ምግብ ማምጣት ይፈቀዳል ወይ? አለርጂ ያለበት ልጅ አለ ወይ? ብለሽ ጠይቂ፤ እዚህ አገር የሰሊጥ አለርጂ ያለባቸው ልጆች አሉና። ከተፈቀደልሽ በዓርብ ቀን የሰንበት ዳቦ ይዘሽ ሂጂ። የሚቆርሰውና ስሙን ለልጆቹ የሚነግራቸው ግን ልጅሽ ይሁን።” ከሁለት ሳምንት በኋላ ሳገኛት ዳቦው ቁራሽ ሳይተርፍ እንዳለቀ ነገረችኝ። ልጁ አሁንም በየቀኑ ዳቦ አይዝም፤ ሳንድዊች ነው የሚለው። ነገር ግን “አታድርጊብኝ” ማለቱን ትቷል። ለጊዜው ይህ ይበቃል።

ያ ባምባ የነጠቅሁት ልጄ ዛሬ የሁለት ልጆች አባት ነው። ትንሿ ልጁ ስድስት ወር ሲሞላት ባምባውን በሞቀ ውኃ አርሶ ያጎረሳት እሱ ነው። እኔ አጠገቡ ተቀምጬ ነበር። “አባ፣ ይህን ደግሞ እንዳትጥለው” አለኝ።

እናንተም ልጃችሁ የማታውቁትን ነገር ይዞ ሲገባ ከመንጠቃችሁ በፊት ጠይቁት። ለዚህ የሚሆኑ ጥቂት የዕብራይስጥ ቃላት እነሆ፦

ማ ዜ? — ይህ ምንድን ነው?
ቦትኒም — ኦቾሎኒ
ሹምሹም — ሰሊጥ
የሽ በዜ ቦትኒም? — በዚህ ውስጥ ኦቾሎኒ አለ?
የሽ ሎ አለርጊያ — (ለወንድ ልጅ) አለርጂ አለበት
የሽ ላ አለርጊያ — (ለሴት ልጅ) አለርጂ አለባት

በእናንተም ቤት እንዲህ ያለ ነገር ደርሶ እንደሆነ ጻፉልን፤ በሚቀጥለው ዕትም እናወጣዋለን። እስከዚያው ደኅና ሰንብቱ፤ ሰንበት ሰላም!