የብልት ሄርፒስ ክትባት፦ ይቅደም ወይስ ይቆይ?

ይቅደም

የሄርፒስ ቫይረሶች ነርቭ ውስጥ ስለሚደበቁ በክትባት አይደረስባቸውም ሲባል ኖሯል። ከእነዚሁ ቫይረሶች አንዱ የሚያመጣው አልማዝ ባለጭራ ግን ይህን አባባል አፍርሶታል። በልጅነት ጉድፍ ያመጣው ቫይረስ ከአከርካሪ አጠገብ ባሉ የነርቭ ቋጠሮዎች ለዓመታት ተኝቶ ይቆይና፣ ሰውየው ሲያረጅ ወይም አቅሙ ሲደክም ይነሣበታል። ሽፍታው በአንድ ጎን ከጀርባ ወደ ደረት እንደ መቀነት ይዞራል፤ ሸሚዝ ሲነካው እንኳ ያስጮኻል። እ.ኤ.አ. በ2017 በአሜሪካ የተፈቀደው ሺንግሪክስ የተባለው ክትባት፣ ዕድሜያቸው 50 እና ከዚያ በላይ በሆኑ ሰዎች ላይ ሲሞከር ሕመሙን በ97 በመቶ ቀንሷል። ቫይረሱ አሁንም እዚያው ነርቭ ውስጥ አለ፤ መውጫው ግን ተዘግቶበታል።

መንገዱን የከፈቱት ጃፓናዊው ሐኪም ሚቺያኪ ታካሃሺ ናቸው። ትንሹ ልጃቸው በጉድፍ ክፉኛ ሲሠቃይ አይተው ሥራውን ጀመሩ፤ በ1974 የጉድፍን ክትባት ለዓለም አበረከቱ።

አሁን ተራው የሄርፒስ ሲምፕሌክስ ነው። ቁጥር 1 ብዙ ጊዜ ከንፈር ላይ የሚወጣው፣ ምች መታኝ የምንልበት ነው። ቁጥር 2 የብልት ቁስል ያመጣል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ከሆኑት መካከል 520 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ቁጥር 2 አለባቸው፤ ከወንዶች ይልቅ ሴቶች ይበዛሉ። በወሊድ ጊዜ ወደ ጨቅላው ከተላለፈ አንጎሉን ሊጎዳ፣ ሊገድለውም ይችላል። በኤች አይ ቪ የመያዝ ዕድልንም ወደ ሦስት እጥፍ ያደርሰዋል። ታማሚው ስለሚያፍር ግን አይናገርም፤ ያልተነገረለት ሕመም ደግሞ በጀት አያገኝም።

ይቆይ

ባልደረባዬ ያነሡት የአልማዝ ባለጭራ ድል እውነት ነው፤ ለብልት ሄርፒስ ግን ማስረጃ አይሆንም። ጉድፍ የወጣበት ሰው አብዛኛውን ጊዜ ዳግመኛ ጉድፍ አይዘውም። ሰውነቱ ቫይረሱን መግታት ያውቅበታል፤ ክትባቱም የሚያጠናክረው ይህንኑ ነው። ቁጥር 2 ያለበት ሰው ግን አንቲቦዲው በደሙ እያለ ቁስሉ ይመላለስበታል። ቁስል በማይታይበት ቀንም ቫይረሱ ከቆዳው ወጥቶ ወደ ሌላ ሰው ይሻገራል።

ተሞክሯል እኮ! በአሜሪካና በካናዳ ከ8,000 በላይ ሴቶች የተሳተፉበት ሙከራ ውጤት በ2012 ሲወጣ፣ ክትባቱ ቁጥር 2ን መከላከል አልቻለም። በ2024 ደግሞ ጂ ኤስ ኬ የተባለው መድኃኒት አምራች ክትባት የታሰበውን ውጤት ስላላሳየ ወደ መጨረሻው ምዕራፍ ሳያልፍ ቀረ።

የኤች አይ ቪው ክርክርም አያዋጣም። የደቡብ አፍሪካ፣ የዛምቢያና የዚምባብዌ ሴቶች የሚገኙባቸው፣ ቁጥር 2 ያለባቸው ከ3,000 በላይ ሰዎች አሲክሎቪር የተባለውን የሄርፒስ መድኃኒት ወይም ባዶ ክኒን በየቀኑ ሲወስዱ ቆዩ። አሲክሎቪሩ ቁስሉን ቀነሰው፤ በኤች አይ ቪ የሚያዙትን ቁጥር ግን አልቀነሰም።

በአገራችን ወጣት ሰው አልማዝ ባለጭራ ሲወጣበት ሐኪሙ የኤች አይ ቪ ምርመራ ያዝለታል፤ በወጣትነት የሚወጣው ብዙ ጊዜ የመከላከል አቅም ሲዳከም ነውና። ሺንግሪክስ ለእንዲህ ዓይነት ሰዎች ከ18 ዓመት ጀምሮ እንዲሰጥ በአሜሪካ ከ2021 ጀምሮ ተፈቅዷል። የእነሱ ክትባት ተሠርቶ አልቋል፤ የቀረው ዋጋውን አውርዶ እጃቸው ማድረስ ነው። የጉድፉ ክትባትም በመደበኛው የሕፃናት ክትባታችን ውስጥ ገና አልገባም። የተገኘው ሳይዳረስ ወዳልተገኘው ለምን እንሮጣለን?

የመጀመሪያው ጸሐፊ መልስ

የአሲክሎቪሩ ሙከራ የሚመሰክረው ለእኔ ነው። በ2009 በወጣ ጥናት፣ ሄርፒሱ ከዳነበት ቦታ ቆዳ ተወስዶ ሲመረመር፣ ኤች አይ ቪ የሚያጠቃቸው ነጭ የደም ሴሎች ቁስሉ ከጠፋ ከወራት በኋላም እዚያው ተሰብስበው ተገኝተዋል። አሲክሎቪር በየቀኑ የወሰዱት ላይም ያው ነበር። ስለዚህ ቫይረሱ ከገባ በኋላ የሚሰጥ መድኃኒት ዘግይቷል፤ ከመጀመሪያው እንዳይገባ ማድረግ ያስፈልጋል። ያ የ2012 ክትባትም ቢሆን በቁጥር 1 የሚመጣውን የብልት ሕመም በ58 በመቶ ቀንሷል፤ ባዶ እጁን አልተመለሰም።

ሺንግሪክስ ይዳረስ፤ በዚህ ከባልደረባዬ ጋር አንድ ነኝ። የብልት ሄርፒስ ክትባት ፍለጋውም ይቀጥል። የሚቀጥለው ትልቅ ሙከራ ግን ሕመሙ ከሁሉ በላይ በተስፋፋበት በአፍሪካ፣ በአፍሪካውያን ሴቶች ተሳትፎ ይደረግ።