አሥር አለቃው ክፍል ይግባ፣ ጠብመንጃው ደጅ ይቅር

ምዕራብ ሸዋ፣ እንጭኒ ላይ ቁጭ ብሎ «በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ወታደራዊ ሥልጠና ቢሰጥ ምን አለበት?» ብሎ የሚከራከር ሰው ምሳሌ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያሻውም። የሙገርን ሲሚንቶ የጫኑ ተሳቢዎች የሚመላለሱበትን መንገድ ይዞ ሆለታ ቢደርስ ይበቃዋል። ዳግማዊ ምኒልክ ባሠሩት፣ ገነት በሚባለው ግቢ ጥር 1927 ዓ.ም. የጦር መኮንኖች ትምህርት ቤት ተከፍቷል። አሠልጣኞቹ በሻምበል ቪኪንግ ታም የሚመሩ የስዊድን መኮንኖች ነበሩ። እጩ መኮንኖቹ ደግሞ አብዛኞቹ ከተፈሪ መኮንንና ከመሰሎቹ ትምህርት ቤቶች የተመለመሉ፣ ፈረንሳይኛ የሚያውቁ ወጣቶች ናቸው። ዛሬ ቢሆን ብዙዎቹን የምናገኛቸው የሁለተኛ ደረጃ ክፍል ውስጥ ነው።

ትምህርታቸውን ሊጨርሱ ቀርቶ በወጉ ሳያጋምሱት ጦርነት መጣ። ግቢው በተከፈተ በ15 ወሩ፣ ሚያዝያ 1928 ዓ.ም.፣ ከደሴ ወደ አዲስ አበባ የሚገሠግሠውን የጣሊያን ጦር ጣርማበር ላይ እንዲያግዱ ተላኩ። ማገድ አልቻሉም። ንጉሠ ነገሥቱ ከአገር ሲወጡ ከተማሪዎቹ ብዙዎቹ እጅ መስጠቱን እምቢ ብለው ፊታቸውን ወደ ምዕራብ አዞሩና ነቀምት ገቡ። እዚያ የጥቁር አንበሳ ማኅበር ተመሠረተ። ሰኔ ላይ ቦነያ ያረፉትን የጣሊያን አውሮፕላኖች በሌሊት ደርሰው አቃጠሉ፤ የአየር ኃይሉ ጄኔራል ማሊዮኮም እዚያው ተገደለ።

ይህን ታሪክ የሚተርክ ሁሉ ቦነያ ላይ ደረቱን ይነፋል፤ ይገባዋልም። ከእሳቱ ይልቅ መነሣት ያለበት ግን ማኅበሩ ለራሱ ያወጣው ባለ አሥር አንቀጽ ደንብ ነው። በደንቡ የፖለቲካ አመራሩ ከጦር አመራሩ በላይ ነበር፤ ገበሬውን መበደልና ምርኮኛን ማንገላታትም ክልክል ነበር። አገሩ የፈረሰበት፣ ስንቁ ያለቀበት፣ ዕድሜው ከሃያ ብዙም ያልራቀ ወጣት ይህን በወረቀት አስፍሮ ከፈረመ፣ ከሰልፍና ከኢላማ ሌላ የተማረው ነገር ነበር ማለት ነው። ወደ ሆለታ የገባውም ቀደም ብሎ መጽሐፍ ገልጦ ነው።

ዋጋውን ደግሞ እንቁጠር። ማኅበሩ የተቀላቀለው የራስ እምሩ ጦር ታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. ጎጀብ ወንዝ አጠገብ እጁን ሰጠ። ሁለት ወር ቆይቶ በጣሊያኑ ገዥ በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ሲወረወር ጣሊያን የተማረውን ወጣት እየለቀመ ፈጀ፤ ከሆለታ ልጆችም ብዙዎቹ፣ እነ ክፍሌ ናሲቡና በላይ ኃይለ አብ ጭምር፣ ተረሸኑ። ጥቂት ፊደል ቆጣሪ የነበራት አገር ዘር እህሏን በላች። ጥፋቱ በመጀመሪያ የወራሪው ነው። ቢሆንም የተማረ ልጅን ከጠረጴዛው አንሥቶ ጦር ግንባር ማሰለፍ ምን እንደሚያስከፍል ለማየት ከዚያ የቀረበ ምስክር አይገኝም። ሐረር አካዳሚ በ1950ዎቹ መጀመሪያ በሕንድ መኮንኖች ሲደራጅ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን የጨረሱትን መርጦ መቀበሉ ትክክል ነበር። ልጅ መጀመሪያ ይጨርስ፣ ከዚያ ይምረጥ።

ግቢ ብቻውን ሰው አይሠራም። ጄኔራል ሙሉጌታ ቡሊም የደርጉ መንግሥቱ ኃይለ ማርያምም ከሆለታ ነው የወጡት። ለሁለቱም «ተጠንቀቅ!» ተብሎላቸዋል፤ ሁለቱም ቀኝ ኋላ ዞረዋል። ልዩነቱን የሚያመጣው ሌላ ነገር ነው፤ አንዱም አሠልጣኙ ነው።

ጥሩ አሠልጣኝ ምን እንደሚመስል የሚያሳይ አንድ ታሪክ ኮልፌ ላይ አለ። ኔልሰን ማንዴላ ሐምሌ 1954 ዓ.ም. ለወታደራዊ ሥልጠና ፈጥኖ ደራሽ ሠፈር በመጡ ጊዜ ካስተማሯቸው አንዱ ኮሎኔል ታደሰ ብሩ ነበሩ። ማንዴላ በግለ ታሪካቸው ሲያስታውሱ ከተኩሱ እኩል የያዙት የኮሎኔሉን ምክር ነው፤ በግዳጅ ላይ ሳሉ ሳያመነቱ ማዘዝ፣ ከግዳጅ ውጭ ግን ከተራው ወታደር ጋር እኩል መሆን፣ እሱ የሚበላውን መብላት። እኚሁ መኮንን ኋላ ጄኔራል ሆነው በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ተሳትፈዋል፣ የሜጫና ቱለማ መረዳጃ ማኅበርን መርተዋል፣ በመጨረሻም መጋቢት 1967 ዓ.ም. በደርግ ተረሽነዋል። በአምቦና በእንጭኒ ስማቸው እንግዳ አይደለም።

ከእነዚህ ከተሞች በአንዱ፣ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በር ላይ፣ እንዲህ ያለ አሠልጣኝ ሊወጣው የሚችል ሰው ቁጭ ብሎ ይሆናል። በ1983 ዓ.ም. የቀድሞው ሠራዊት ሲበተን ከ400 ሺህ በላይ ወታደር ወደ ቤቱ ተሸኘ፤ ከዚያ ወዲህም በጡረታና በጉዳት የወጣው ቀላል አይደለም። ከመካከላቸው ኑሮውን በጥበቃ ሥራ የሚገፋ አለ። ካርታ ማንበብ፣ ደም የሚፈሰውን ቁስል ማሰር፣ መቶ ሰው በአንድ ቃል ጸጥ አሰኝቶ ማሰለፍ የሚችል አሥር አለቃ አርፍዶ ለመጣ ተማሪ በር ሲከፍትና ሲዘጋ ይውላል። ብክነት ነው።

ስለዚህ ይግባ። የመጀመሪያ ርዳታ ያስተምር፣ ልጆቹን ወደ ሙገር ሸለቆ ይዞ ወርዶ በኮምፓስ ያስመልሳቸው፣ የሰንደቅ ዓላማ ሰልፉን ያሳምር፣ የእሳትና የጎርፍ አደጋ ልምምድ ያሠራ። ይህ ሁሉ አንድም ጥይት አይፈልግም።

ነገሩን ሙሉ በሙሉ ወደ ወታደራዊ ሥልጠና እንውሰደው የሚሉ ወገኖች አሜሪካን ይጠቅሳሉ። እዚያ ከ1916 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሕግ የቆመ ፕሮግራም አለ፤ ጡረታ የወጡ ወታደሮች ከ3 ሺህ በላይ በሆኑ ትምህርት ቤቶች ግማሽ ሚሊዮን ለሚጠጉ ተማሪዎች ያስተምራሉ። ተማሪው ዩኒፎርም ለብሶ፣ ማዕረግ ተሰጥቶት መሪነት ይለማመዳል፤ የጠቀመው ልጅ ብዙ ነው። ሆኖም ኒው ዮርክ ታይምስ በ2022 እ.ኤ.አ. ባወጣው ምርመራ በአምስት ዓመት ውስጥ ቢያንስ 33 አሠልጣኞች በተማሪዎቻቸው ላይ በፈጸሙት ወሲባዊ በደል እንደተከሰሱ፣ በሺህ የሚቆጠሩ ልጆችም ሳይጠየቁ እንደተመዘገቡ አሳይቷል። ሀብትና ቁጥጥር ባለበት አገር እንዲህ ከሆነ፣ አንድ ሱፐርቫይዘር ስንት ትምህርት ቤት በሚያዳርስበት ወረዳማ ምን ሊሆን ነው?

እኛ ዘንድ ደግሞ ሌላ ቁስል አለ። በ1975 ዓ.ም. የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ ከወጣ በኋላ የነበረውን አፈሳ የሚያስታውስ ወላጅ ዛሬም በሕይወት አለ፤ ልጁን ጣሪያ ሥር የደበቀ፣ ዘመድ ቤት ያሸሸ። ቁስሉ ሳይሽር በ2017 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን በኦሮሚያ አንዳንድ አካባቢዎች ለውትድርና በሚል ከተያዙት መካከል ሕፃናት እንደሚገኙ ገልጿል። አገሪቱ ልጆችን ከጦርነት የሚጠብቀውን ዓለም አቀፍ ፕሮቶኮል ያጸደቀችው በ2006 ዓ.ም. ነው። ወላጁ ግን ፕሮቶኮሉን አያውቀውም፤ የሚያውቀው አፈሳውን ነው። ሬንጀር የለበሰ ሰው ስም እየጠራ ልጆች ሲያሰልፍ ቢያይ መጀመሪያ የሚያደርገው ነገር ልጁን ከትምህርት ቤት ማስቀረት ነው፣ ማንም አይፈርድበትም።

እንግዲህ ይህ ትምህርት በሙከራ የሚጀመር ከሆነ ቅጥሩ በወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት በኩል ይሁን፤ ደመወዙም ከዚያው ይከፈል እንጂ ከመከላከያ በጀት አይምጣ። አሠልጣኙ እንደማንኛውም መምህር የማስተማር ዘዴ ይሠልጥን፣ የቀድሞ አገልግሎቱና ጠባዩ ይጣራ፣ ከተማሪ ጋር ብቻውን በተዘጋ ክፍል አይዋል። ወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረቱ አሠልጣኙን የማስነሣት ሥልጣን ይኑረው። ትምህርቱ በፈቃድ ይሁን፤ ያልፈለገ ልጅ ማርክ አይቀነስበት። የተመዘገቡት ተማሪዎች ስም ዝርዝርም ለምልመላም ሆነ ለሌላ ጉዳይ ከትምህርት ቤቱ መዝገብ ቤት አይውጣ፤ ማንም ኃላፊ በደብዳቤ ቢጠይቅ ዳይሬክተሩ «አልሰጥም» የሚልበት ግልጽ መመሪያ ከመጀመሪያው የሰልፍ ቀን በፊት ይጻፍለት።