አምፖሉ ጠፍቶ ምጣዱ ሲነድ

በየቤቱ አንድ የቁጠባ ሚኒስትር አይጠፋም። የሳሎኑን መብራት እየተከታተለ የሚያጠፋ፣ የሳሙና ቁራጭ ለቅሞ ከአዲሱ ጋር የሚያጣብቅ፣ የጥርስ ሳሙናውን ቱቦ በመቀስ ሰንጥቆ ውስጡን በብሩሽ የሚጠርግ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሬ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ የእነዚህ ሰዎች ሥልጣን ጨምሯል። ድሮ "ቋጣሪ" እያልን የምንስቅባቸው ሰዎች ዛሬ ምክር የምንጠይቃቸው ሆነዋል። እኔም አልስቅባቸውም። ነገር ግን ብዙዎቹ የሚቆጥቡት ወጪው ካለበት ሳይሆን ዓይናቸው ካረፈበት ቦታ ነው።

መብራትን እንውሰድ። ቤታችን ያለው የኤሌክትሪክ ምጣድ በአብዛኛው ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ይወስዳል። ባለ 3.5 ኪሎዋቱ ምጣድ የመጀመሪያው እንጀራ ሳይጋገር ለ15 ደቂቃ ቢሞቅ፣ ለማሞቂያው ብቻ 0.9 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይበላል። በዚህ ኃይል ባለ 9 ዋት አምፖል ቀንና ሌሊት ሳይጠፋ 4 ቀን ይበራል። እንግዲህ በሳምንት ሦስቴ እየተጋገረ ኮሪደር ለኮሪደር አምፖል የሚያሳድዱ ከሆነ ድካምዎ ያሳዝነኛል። ጋገራውን በሳምንት አንድ ቀን ያድርጉት፤ ሁለት ማሞቂያ ይተርፍልዎታል። ሊጡ ኩፍ ብሎ ሳይደርስ ምጣዱ አይለኮስ። የመጨረሻዎቹ አንድ ሁለት እንጀራዎች ደግሞ ምጣዱ ከጠፋ በኋላ በቀረው ሙቀት ይበስላሉ። የቤት ታሪፉ በእርከን የሚሄድ በመሆኑ ብዙ በተጠቀሙ ቁጥር የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋም ይጨምራልና ልዩነቱ ከሚገምቱት በላይ ነው። ቀኑን ሙሉ ተሰክቶ የሚውለው የሻወር ቦይለርም ከዚሁ ጎራ ነው።

"እንጀራው ሳምንት አይቆይልኝም" የሚሉ ይኖራሉ። ፍርፍር የተፈጠረው ለምን ሆነና! ከዚያም የተረፈው ሳይሻግት ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ድርቆሽ ይሆናል። እናቶቻችን ይህን የሚያደርጉት ቁጠባ ብለው ሳይሆን እንጀራ መድፋት ነውር ስለሆነባቸው ነበር። አንዱን የቡና ዱቄት አቦል፣ ቶና፣ በረካ እያሉ ሦስቴ ማፍላትም ማንም ቁጠባ ብሎ አይጠራውም።

አሁን ደግሞ ከራሴ ሙያ ልናገር፤ አለቃዬ ይህን ገጽ እንደማያነብ ተስፋ አለኝ። ሱቅ በር ላይ እንደ ዶቃ ተደርድረው የሚንጠለጠሉት ትንንሽ የዱቄት ሳሙና ከረጢቶች ለአቅመ ደካማ ታስበው የተሠሩ ይመስላሉ። የማርኬቲንግ ሰው ግን መጀመሪያ የሚያስበው ኪስዎ ውስጥ ያለውን የ10 ብር ኖት ነው። ዋጋው 10 ብር ላይ ይቆማል፤ ወጪ ሲጨምር የሚቀነሰው ግራሙ ነው። ለምሳሌ 30 ግራሙ 10 ብር ከሆነ፣ ኪሎውን በ333 ብር እየገዙ ነው ማለት ነው። ትልቁ እሽግ ስንት ይላል? ስልክዎ ላይ ያለውን ካልኩሌተር አውጥተው ዋጋውን ለግራሙ ያካፍሉ፤ ባለሱቁ ቢገላምጥዎትም ግድ የለም። "ትልቁን የምገዛበት ገንዘብ ባንዴ የለኝም" ካሉ ደግሞ፣ በሬ ተጋዝተን ቅርጫ የምንካፈል ሰዎች አንድ ካርቶን ሳሙና ከሁለት ጎረቤት ጋር መካፈል ያቅተናል?

በጅምላ መግዛት ሁልጊዜ ያዋጣል ማለቴ አይደለም። ከአንድ ኩንታል ሽንኩርት ሩቡ ከበሰበሰ ርካሽነቱ ቀረ። ለአምስት ኪሎ ቲማቲም ከሲኤምሲ ሃይሌ ጋርመንት ድረስ መኪና የሚያስነሱ ሰዎች አሉ፤ ነዳጁን አያስቡትም፣ ቅዳሜያቸውንም አያስቡትም። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ይሄኔ ነው። ሰፈርዎ አካባቢ የእሁድ ገበያ ካለ በእግርዎ ሄደው ይግዙ።

ቁጠባ የሚባሉ ግን ጨርሶ ቁጠባ ያልሆኑ ነገሮችም አሉ። መብራት እንዳይቆጥር ብሎ በዝግ ክፍል ከሰል አቀጣጥሎ መተኛት አንዱ ነው። ጭሱ ባይታይም፣ ባይሸትም ከፍሙ የሚወጣው ጋዝ ከእንቅልፍ ሳያነቃ ይገድላል። ልጅ ትኩሳቱ ሲበርድለት ፀረ ተዋስያኑን አቋርጦ "ለታናሹ ይሆናል" ብሎ ማስቀመጥ ሌላው ነው። ሐኪም ያዘዘው እስኪያልቅ ይሰጥ፤ ለታናሹ የሚሆነውን ደግሞ ታናሹ ሲታመም ሐኪሙ ያዝለታል።

በጣም የሚከነክነኝ ግን በቤት ሠራተኛዋ በኩል የሚደረገው ነው። በጀት ሲጠብ መጀመሪያ የሚጠበው የእሷ ሳህን የሆነባቸው ቤቶች አሉ። ለቤተሰቡ ወጥ፣ ለእሷ የትናንት ሽሮ፤ ስኳሩ ቁም ሳጥን ውስጥ ይቆለፋል፣ ቁልፉ ከእመቤቲቱ ቦርሳ ጋር ቢሮ ይውላል። ልጆቹም ይህን እያዩ ያድጋሉ፤ ማን ምን እንደሚገባው የሚማሩት ከዚያ ነው። እሺ፣ እንደ ሒሳብ ብቻ እንየው። በቀን ሁለት ብርጭቆ ሻይ፣ ለአንዱ ሁለት የሻይ ማንኪያ ስኳር ብንል፣ በዚያ ቁልፍ የሚተርፈው በወር ግማሽ ኪሎ ገደማ ስኳር ነው።