አንድ ውሳኔ ወይስ ስድስት? ወላጆችና የሕፃናት ክትባት በኢትዮጵያ

ልጆቻቸውን ስለማያስከትቡ ወላጆች በተነሣ ቁጥር ሁለት ምክንያቶች ይደጋገማሉ፤ የግንዛቤ እጥረትና የተሳሳተ እምነት። ከዚህ አመለካከት የሚፈልቀው መፍትሔም ትምህርትና ቅስቀሳ ብቻ ይሆናል። ሁለቱም ምክንያቶች መኖራቸው አይካድም። ይሁን እንጂ በአገሪቱ ያለው መረጃ በጥሞና ሲታይ፣ ትልቁ ችግር ወላጆች «እምቢ» ማለታቸው ሳይሆን አንድ ጊዜ «እሺ» ብለው የጀመሩት ሳይጨርሱ መቅረታቸው ነው። የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያም ይኸው ነው፤ የወላጅ ውሳኔ አንድ ጊዜ ተወስኖ የሚያበቃ ተደርጎ እስከታየ ድረስ፣ ሕፃናቱ የሚጠፉበትን ትክክለኛ ቦታ ማወቅ አይቻልም።

መደበኛው የክትባት ፕሮግራም በኢትዮጵያ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1980 ነው። በሥነ ሕዝብና ጤና ጥናቶች መሠረት ዕድሜያቸው ከ12 እስከ 23 ወር ከሆነ ሕፃናት መካከል መሠረታዊ ክትባቶችን ሁሉ ያገኙት በ2000 ከመቶ 14፣ በ2005 ከመቶ 20፣ በ2011 ከመቶ 24፣ በ2016 ደግሞ ከመቶ 39 ነበሩ። በ2016ቱ ጥናት አንድም ክትባት ያላገኙት ከመቶ 16 ነበሩ። እንግዲህ ሁሉን ያገኙትና ምንም ያላገኙት ተደምረው ሲቀነሱ፣ ከመቶ 45 የሚሆኑት ጀምረው ያልጨረሱ ሕፃናት ናቸው። ከሦስቱ ወገኖች ትልቁ ይህ ነው። ዘጊ አናዳን፣ መንጋጋ ቆልፍን፣ ትክትክን፣ ሄፓታይተስ ቢንና ሂብን የሚከላከለው አምስት ለአንድ ክትባትም ተመሳሳይ ነገር ያሳያል፤ የመጀመሪያውን የወሰዱት ከመቶ 73 ሲሆኑ ሦስተኛውን የወሰዱት 53 ብቻ ናቸው። ከጀመሩት መካከል ከሩብ የሚበልጡት በመንገድ ቀርተዋል ማለት ነው። የእነዚህ ልጆች ወላጆች ክትባትን አልናቁም፤ ቢንቁት ኖሮ ባልጀመሩት ነበር።

ነገሩን ለመረዳት ከወላጆች የሚጠበቀውን መመልከት ይገባል። አንድ ሕፃን እንደተወለደ፣ ከዚያም በ6ኛው፣ በ10ኛውና በ14ኛው ሳምንት፣ ቀጥሎ በ9ኛው ወር፣ በመጨረሻም በ15ኛው ወር መከተብ አለበት። ይህ ቢያንስ ስድስት ጊዜ ነው። ሁለተኛው የኩፍኝ ክትባት የተጨመረው እ.ኤ.አ. በ2019 ሲሆን የመጨረሻው ቀጠሮ የመጣውም ከእርሱ ጋር ነው። በሦስተኛው የአምስት ለአንድ ክትባትና በመጀመሪያው የኩፍኝ ክትባት መካከል ወደ ስድስት ወር የሚጠጋ ጊዜ አለ። በዚህ መካከል እርሻው ይታረሳል፤ አዝመራው ይሰበሰባል፤ ቤተሰቡም ሊዘዋወር ይችላል። ልጁም ጤናማ ሆኖ እየዳኸ ነውና የሚያስቸኩል ነገር አይታይም። እናት በየቀጠሮው የምትመዝነው የክትባትን ጥቅም ብቻ አይደለም፤ የመንገዱን ርቀት፣ በቤት የሚቀሩትን ልጆች፣ የዕለቱን ሥራና የባሏን ፈቃድ ጭምር ነው። ውሳኔው ስድስት ጊዜ ይወሰናል፤ ስድስቱም ጊዜ በተለያየ ሁኔታ ውስጥ።

ባህሉም የራሱ የቀን አቆጣጠር አለው። በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተሰብ ወንድ ልጅ በ40፣ ሴት ልጅ በ80 ቀን ክርስትና ትነሣለች። የስድስት ሳምንት ቀጠሮ የሚውለው በ42ኛው ቀን ነው። ከክርስትና በፊት ጨቅላውን ከቤት አርቆ መውሰድ በማይወደድበት ቤት፣ ምችና የሰው ዓይንም በሚፈሩበት፣ ይህ ቀን ለወንዱ ሲመች ለሴቷ ገና ያልደረሰ ሊሆን ይችላል። ይህን ልማድ የክትባት ጠላት አድርጎ ማየት ስሕተት ነው። ልማዱ የሚነግረን ወላጆች ልጃቸውን ከማይታይ አደጋ ለመጠበቅ የሚተጉ መሆናቸውን ነው። «ክትባት» የሚለው ቃል ራሱ በሕፃን አንገት ከሚታሰረው «ክታብ» ጋር ከአንድ ሥር የወጣ ነው። ቀድሞ የመጠበቅ ሐሳብ ለኅብረተሰቡ እንግዳ አይደለም። ስለዚህ የጤና ሠራተኛዋ ገና በእርግዝና ክትትል ጊዜ የቤቱን ቀን ጠይቃ ቀጠሮውን ብታስረዳ፣ ከባህሉ ጋር ሳትጋጭ ሕፃኑን ልታገኘው ትችላለች።

ከሁሉ ይልቅ መታረም የሚገባው ግን ከወላጅ ውጭ ያለው ነው። የመጀመሪያው አለመንገር ነው። ከክትባቱ በኋላ ልጁ ሊያተኩሰው፣ የተወጋበት ጭኑም ሊያብጥ ይችላል። በክንዱ ላይ የተሰጠው የሳንባ ነቀርሳ ክትባት ደግሞ ከሳምንታት በኋላ ቆስሎ ጠባሳ ይተዋል። ይህን አስቀድማ የሰማች እናት ትታገሣለች፤ ያልሰማችው ግን ጤነኛ ልጇን ይዛ ሄዳ የታመመ ልጅ ይዛ እንደተመለሰች ትቆጥራለች። ቀጣዩ ቀጠሮ ሲደርስ የምትወስነው በዚያች ሌሊት ትዝታ ነው።

ሁለተኛው ብልቃጡ ነው። የኩፍኝ ክትባት ብዙውን ጊዜ የሚመጣው አሥር ሕፃናትን በሚያስከትብ ብልቃጥ ሲሆን፣ አንዴ ከተበጠበጠ በስድስት ሰዓት ውስጥ ያልተሰጠው ይጣላል። ብክነትን የፈራ ባለሙያ በቂ ሕፃናት እስኪሰበሰቡ ድረስ ብልቃጡን አይከፍትም፤ ብቻዋን የመጣችውንም እናት «በሌላ ቀን ነይ» ብሎ ይመልሳታል። ይህ ቁጠባ ይመስላል። ነገር ግን የተረፈው ጥቂት ጠብታ መድኃኒት ሲሆን የጠፋው የእናቲቱ እምነት ነው። ለአንድ ልጅ ሲባል ብልቃጥ መክፈት ብክነት ሊባል አይገባም፤ ባለሙያውም ስለዚህ ሊወቀስ አይገባውም። ሦስተኛው ካርድ ለጠፋባት ወይም ቀን ላለፈባት እናት የሚሰጠው ተግሣጽ ነው። ዘግይታም ቢሆን የመጣች እናት የመጣችው ልጇን ለማስከተብ ነው፤ በሰው ፊት ከተዋረደች ግን ከመዘግየት መቅረትን ትመርጣለች።

«እውነተኛ እምቢተኞችስ የሉምን?» የሚል ጥያቄ ይነሣ ይሆናል። አሉ። ክትባት መካን ያደርጋል የሚለው ወሬም በየጊዜው ይሰማል። ለእነዚህ ወላጆች ግልጽ መልስ መስጠት የባለሙያው ግዴታ ነው። ሆኖም በ2016ቱ ጥናት ሙሉ ክትባት ያገኙት ሕፃናት በአዲስ አበባ ከመቶ 89፣ በአፋር ከመቶ 15 ነበሩ። ይህን የሚያህል ልዩነት የአዲስ አበባ እናት ልጇን አብልጣ ስለምትወድ የመጣ ነው የሚል አይኖርም። ከቦታ ቦታ የሚንቀሳቀስ አርብቶ አደር አንድ ቦታ ቆሞ በሚጠብቅ ጤና ኬላ ሊደረስ አይችልም። ክትባቱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለ ቅዝቃዜ መጠበቅ ስላለበት ማቀዝቀዣ የሌለው ኬላ በተወሰነ ቀን ብቻ ያስከትባል፤ ያ ቀን ያመለጠው ቤተሰብ ሌላ መጠበቅ አለበት። ፈንጣጣ እ.ኤ.አ. በ1976 ከኢትዮጵያ ምድር የጠፋው ሕዝቡ ወደ ከታቢዎች ስለመጣ ሳይሆን፣ ከታቢዎች በእግርና በበቅሎ ወደ ሕዝቡ ስለሄዱ ነበር።

ይህ ሁሉ ወላጅን ከኃላፊነት ነጻ አያደርግም። ኩፍኝ ከበሽታዎች ሁሉ እጅግ ፈጥኖ ከሚዛመቱት አንዱ ነው፤ ማንም ባልተከተበበት አንድ ታማሚ ከ12 እስከ 18 ሰዎችን ሊያስይዝ ይችላል። እንዳይዛመት ለመግታት ከመቶ 95 የሚሆነው ሰው ሁለቱን ክትባቶች መውሰድ ይኖርበታል። ስለዚህ አንድ ቤት ያቋረጠው ክትባት ዕድሜው ገና ዘጠኝ ወር ላልሞላው የጎረቤት ሕፃንም አደጋ ነው። ሕመሙ ሳንባን ያጠቃል፤ ዓይንን ያጠፋል፤ በምግብ እጥረት የተጎዳውን ሕፃን ይገድላል።

ነገር ግን ኃላፊነት የሚጠየቀው መንገዱ ክፍት ሲሆን ነው። የክትባት ፕሮግራም ስኬት መለካት ያለበት በተሰጠው ትምህርት ብዛት ሳይሆን፣ የጀመሩት ስንቶቹ እንደጨረሱ በመቁጠር ነው። በየኬላው መዝገብ ያቋረጠ ሕፃን ስም ሲገኝ መቅደም ያለበትም «ይህች እናት ለምን አልገባትም?» የሚለው ጥያቄ ሳይሆን «ባለፈው ስትመጣ ምን ገጠማት?» የሚለው ነው። ብዙዎቹ ወላጆች ወስነዋል። የሚቀረው ውሳኔያቸውን እስከ መጨረሻው ቀጠሮ እንዲያደርሱ ማገዝ ነው።