ብዙ መንገድ የሄደ መኪና በባለቤቱ ደጅ ስለ መጠበቁ

በቅሎውን ከመጫኑ በፊት ጀርባዋ ተገጥቦ፣ ሰኮናዋም ተሰንጥቆ እንደ ሆነ የሚመረምር ሰው፣ 300,000 ኪሎ ሜትር የሄደ መኪናውን ግን ሳያይ ያስነሣል፤ ሞተሩ ሲቃጠልም በነጂው ላይ ይቈጣል። ይህ ፍርድ ለእኔ ትክክል አይመስለኝም።

መኪናው ሳይነሣ በደልዳላ ስፍራ ቁሞ፣ የዘይቱ መለኪያ ዘንግ ተስቦና ተጠርጎ ዳግመኛ ይታይ። የናፍጣ ሞተር ዘይት ፈጥኖ ቢጠቍር አያስደነግጥም፤ ወተት የገባበት ቡና ቢመስል ግን ውሃ ተቀላቅሎበታልና ሞተሩ አይነሣ። ጢሱም ይናገራል፤ ሰማያዊው ዘይት መቃጠሉን፣ ጥቁሩ ነዳጁ ከአየሩ መብለጡን ያመለክታል። በአቧራ አገር የጥቁሩ ጢስ ምክንያት ብዙ ጊዜ የታፈነ የአየር ማጣሪያ ስለ ሆነ፣ ውድ ዕቃ ከመግዛት አስቀድሞ እርሱን ማየት ይገባል። ሞተሩ ከሞቀ በኋላ የማይጠፋ ነጭ ጢስ ከራዲያተሩ ውሃ መጉደል ጋራ ሲገናኝ ግን የቴስታታው ጓርኒሲዮን ሳይነድ አልቀረም፤ ይህ የመካኒክ ሥራ ነውና በቤት አይሞከር።

በጋለ ጊዜ የራዲያተሩን ክዳን የሚከፍት ፊቱን ያቃጥላል፤ በጋለው ሞተር ላይ የፈሰሰ ቀዝቃዛ ውሃም ብረቱን ሊሰነጥቅ ይችላል። የተሾመ ሰው መታገሥ ይከብደዋል፤ ነገር ግን በሰኔ ለገበሬው የሚወርድ ዘር በመንገድ ከሚያድር፣ ሞተሩ እስኪበርድ ቁሞ ከጀሪካኑ ንጹሕ ውሃ መጨመር ይሻላል።